ልጆቼ ማታ ማታ ይደበዝዙብኛል፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ጥያቄው፦ «ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው፤ አሁን ደህና ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። በብዛት የማነሳው ሁለት ልጆቼን ነው፣ ያውም ማታ ማታ ቤት ውስጥ። ከሥራ የምገባው ያን ሰዓት ነው። ፎቶዎቹ ግን ይደበዝዙብኛል። ጉዞ ስንወጣ መልክዓ ምድር አነሳለሁ፤ ግቢያችን የሚመጡትን ወፎችም ማንሳት እመኛለሁ። ዲኤስኤልአር ይሻለኛል ወይስ ሚረርለስ? ስንት ሜጋፒክሰል ይበቃኛል? ሌንሱስ? ያገለገለ ብገዛ እከስራለሁ?»

እህቴ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ «ማታ ማታ ቤት ውስጥ» ያልሽው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሥራዬ ካሜራና ሌንስ መጠገን ነው። ገዝቶ ወር ሳይሞላው «ፎከሱ ተበላሽቷል፣ እስቲ እየው» ብሎ የሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። ካሜራውን ስፈትሸው ምንም አልሆነም። ፎቶዎቹን ስከፍት ግን ነገሩ ይገለጣል። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባው መዝጊያ፣ 1/15 ሰከንድ ላይ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ሶፋ ላይ እየዘለለ ነው። ሶፋው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ልጁ ጭረት ብቻ ሆኗል። አንቺም ከስልክሽ አንድ የደበዘዘ ፎቶ አውጪና አሳድገሽ ተመልከቺ። ዕቃው ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ከደበዘዘ፣ ሹተሩ ለልጁ ፍጥነት አልደረሰም ማለት ነው። ዕቃውም ልጁም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ ከመሰሉ የእጅሽ መንቀጥቀጥ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥ ካሜራው ወይም ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ይረዳል። ማረጋጊያው ግን የሚዘለውን ልጅ አያስቆምም። ሻጮች ይህን ብዙ ጊዜ አይነግሩሽም።

ቁጭ ብሎ የሚያወራ ልጅ ቢያንስ 1/125 ሰከንድ ይፈልጋል። ለሚሮጥ ልጅ 1/250 እንኳ አንዳንዴ አይበቃም። ማታ በአምፖል ብርሃን ይህን ፍጥነት ለማግኘት ወይ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ መጠቀም፣ ወይ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ፣ ወይ ብርሃን መጨመር አለብሽ። ብርሃን መጨመር ስል ወደ ጣሪያ የሚዞር ፍላሽ ማለቴ ነው። ጣሪያው ነጭ ከሆነ ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል፤ ፊት ላይ ቀጥታ እንደሚተኮሰው ፍላሽ አያስጠላም። ግን ልጆች ፍላሽ ሲያዩ ወዲያው «ፎቶ ልንነሳ ነው» ብለው ፊታቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ለአንቺ እኔ ሌንሱን ነው የማስቀድመው።

ሌንሱ ፊት ላይ 1፡3.5-5.6 የመሰለ ጽሑፍ ታያለሽ። ይህ ኤፍ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚከፈት ይነግርሻል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው 18-55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከእሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ከተጠራጠርሽ 5.6ን ለ1.8 አካፍይና ውጤቱን በራሱ አባዢው፤ 9.7 ገደማ ይመጣል። በፎቶ ቋንቋ ስናወርደው፣ በኪት ሌንሱ አይኤስኦ 12800 የሚጠይቀው ሳሎን በዚህኛው ሌንስ 1250 አካባቢ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ፎቶ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ሁለተኛውን አሳትመሽ ትሰቅይዋለሽ።

አሁን ይህን ከካሜራው ጋር አነጻጽሪው። ለጀማሪ የሚሸጡት አብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰራቸው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው፤ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የካኖን በትንሹ ያንሳል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ነው። ስፋቱ 2.3 እጥፍ ገደማ ነው፤ የምታተርፊው ብርሃንም በዚያው ልክ ነው። ዋጋው ግን ከዚያ በላይ ይዘላል፣ ሌንሶቹም እንደዚያው፤ ክብደቱን ደግሞ አንገትሽ ይናገራል። ስለዚህ ፉል ፍሬም ካሜራ በጨለማ ኪት ሌንስ ይዞ ከመምጣት፣ ርካሽ ኤፒኤስ-ሲ በኤፍ 1.8 ሌንስ መያዝ ለአንቺ ሳሎን ይበልጣል። ገንዘብሽ ቦዲው (ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ) ላይ ብቻ የሚያልቅ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ቦዲ ያዢና የተረፈውን ለሌንስ አውይው።

እንዲህ ያሉት ሌንሶች አብዛኛውን ጊዜ ዙም አያደርጉም፤ ፕራይም ይባላሉ። መጠጋት ስትፈልጊ በእግርሽ ትጠጊያለሽ። ሰው ሁሉ «50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ግዢ» ይልሻል፤ በብዙ ብራንድ ከርካሾቹ ፕራይሞች አንዱ እሱ ስለሆነ። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን 50 ሚሊ ሜትር ኤፒኤስ-ሲ ላይ ሲገባ እይታው ይጠባል፤ ፉል ፍሬም ላይ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ለፊት ፎቶ ያምራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱን ልጆች አብሮ ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሄጂ ግድግዳው ይይዝሻል። ቤት ውስጥ ለሚነሱ ልጆች 35 ሚሊ ሜትር ወይም 30 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ይህንን በእኔ ቃል ብቻ አትግዢ። ካሜራውን ከነኪት ሌንሱ ከያዝሽ በኋላ ዙሙን 35 ላይ አድርጊና በወረቀት ፕላስተር እሰሪው። ለጥቂት ቀን በዚያ ብቻ አንሺ። ቀጥሎ 50 ላይ እሰሪው። የትኛው እንደሚያናድድሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ኪት ሌንስ ያለው ሰው በእጁ ስንት የሌንስ ዓይነት መሞከሪያ እንደያዘ አይታወቀውም። በነጻ እየተሞከረ ለምን በግምት ይገዛል?

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ ለአዲሱ ሌንስ የሚመጣው ስሞታ እሱ ነው። ኤፍ 1.8 ላይ ጥርት የሚለው ስፋት ቀጭን ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ስታነሺ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት የሚለው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ ግማሹ ይወርዳል። አንዱ ልጅ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ካለ እሱ ይደበዝዛል፤ «ሌንሱ ብልሽት አለው» ይመጣል። የለውም። ሁለቱን አብረሽ ስታነሺ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ላይ አድርጊው፣ አይኤስኦው ትንሽ ይውጣ። አንዱን ብቻ ስታነሺ ወደ 1.8 መልሺውና ፎከሱን ለአንቺ ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ አድርጊ።

ወደ ዲኤስኤልአርና ሚረርለስ ስንመጣ እዚሁ ላይ ልዩነታቸው ይታያል። ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት አለ፤ ብርሃኑን ወደ ዓይንሽ የሚልከው እሱ ነው። ፎከሱን የሚለካው ደግሞ ከሴንሰሩ የተለየ ሌላ ክፍል ነው። ሁለቱ በጥቂቱ ካልተጣጣሙ ኤፍ 1.8 ላይ ዓይን ያልሽው ጆሮ ላይ ያርፋል። ሚረርለስ መስታወቱ የለውም፤ ፎከሱን የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው ሴንሰር ራሱ ላይ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። ከዚያ በላይ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ ዓይንን ለይተው ይከተላሉ። ልጁ ይሮጣል፣ ካሜራው ዓይኑን ይዞ ይከተላል፣ አንቺ መጫን ብቻ ነው። ልጅ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም። ሲገዙ «ዓይን ይከተላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» ከማለት ይጠቅማል።

ዲኤስኤልአር አርጅቷል ብዬ ግን አላጣጥለውም። ባትሪው ከሚረርለስ በጣም ይቆያል። የሚያዩት በመስታወትና በመነጽር ብቻ ስለሆነ ዓይን አያደክምም። ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፤ ብዙ ባለሙያም ያለውን እየሸጠ ወደ ሚረርለስ እየሄደ ነው። በዚህ ምክንያት ያገለገለው ዲኤስኤልአርና ሌንሱ ዋጋው ወርዷል። ገንዘቡ ጠበብ ካለ ደህና ዲኤስኤልአር ከአንድ ፕራይም ጋር ዛሬም ቆንጆ ፎቶ ያነሳል። ገንዘቡ ካለሽ ሚረርለስ ያዢ።

ከሁለቱ ምርጫ በላይ ግን ማውንቱን አስቢበት፤ ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚገጥምበት አፍ ማለት ነው። ቦዲ በጥቂት ዓመት ይቀየራል፤ ሌንስ ግን አብሮሽ ይቆያል። አንዱን ማውንት ከያዝሽ በኋላ ሌንስ እየጨመርሽ ትሄጃለሽ፤ ወደ ሌላ ልዙር ስትይ ሁሉንም ሸጠሽ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የተባለው ለዚህ ነው። የካኖን ኢኤፍ ማውንት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ያገለገለ ሌንሱ የትም አይጠፋም። በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) አዲሱ የካኖን አርኤፍ ሚረርለስ ላይ ይገባል፣ ፎከሱም በደንብ ይሠራል። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። የሶኒ ኢ ማውንት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ስለሆነ ከሚረርለሶቹ መካከል ብዙ ዓይነት ሌንስ አለው፤ ሲግማና ታምሮን የሚባሉት ሌንስ ሠሪዎችም በርካታ ሠርተውለታል። የፉጂፊልም ኤክስ ማውንት ከመነሻው ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ ስለሆነ ትናንሽና ጥሩ ፕራይሞች አሉት።

ኒኮን ላይ ወጥመድ አለ። የድሮዎቹ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት ሌንሶች ውስጣቸው ሞተር የለም፤ የሚያሽከረክራቸው ቦዲው ነው። እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉት የጀማሪ ቦዲዎች ደግሞ ያንን ሞተር አልያዙም። ሌንሱ ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሳል፤ ፎከሱን ግን በእጅሽ እያዞርሽ ነው። የሚሮጥ ልጅ በእጅ ፎከስ ለመያዝ መሞከር ራስን መቅጣት ነው። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ፈልጊ፤ እነዚህ ሞተራቸው ውስጣቸው ነው። ለምሳሌ የኒኮን ኤኤፍ-ኤስ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ለአንቺ ሥራ የተሠራ የሚመስል ትንሽ ሌንስ ነው።

የምታውቂው ሰው ካሜራ ካለው የእሱን ማውንት መያዝም ብልህነት ነው። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የካሜራ ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ላይ አታገኚውም።

ሜጋፒክሰሉ አያስጨንቅሽ። 24 ሜጋፒክሰል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። በኢንች 300 ነጥብ ብታሳትሚው 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ ስንቴ ሰቅለሻል? የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ካሜራዎች ይህን ያህል አላቸው፤ 16 ያለውም ለቤት አልበም ይበቃል።

ለጉዞ ለጊዜው ኪት ሌንሱ ይበቃሻል። ቀን ብርሃን ሞልቷል፣ ተራራው አይሮጥም፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጊና አንሺ። እዚያ ላይ ርካሹና ውዱ ሌንስ ያላቸው ልዩነት ሰው እንደሚያወራው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፦ አዳዲሶቹ ኪት ሌንሶች ቀለል እንዲሉ ተብሎ ጨለማ ሆነዋል። የካኖን አርኤፍ-ኤስ 18-45 ለምሳሌ ከ4.5 ጀምሮ 6.3 ላይ ያልቃል። ከድሮው 18-55 ይብሳል። ለማታ ሳሎን እሱን አትመኚ።

ያገለገለ መግዛት አያከስርም፤ ሳያዩ መግዛት ነው የሚያከስረው። የራስሽን ሜሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ ቀን ይሁን፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሌንሱን ከቦዲው አውልቂው። የፊትና የኋላ ክዳኑን አንሺ፣ ቀዳዳው የሚከፈት ከሆነ እስከ መጨረሻው ክፈቺው። የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል አስጠጊና ሌንሱን እያዘነበልሽ በፊት በኩል ውስጡን እዪ። ቀጥታ ካበራሽው ምንም አይታይሽም፤ ሰያፍ መሆን አለበት። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ብታዪ አትደንግጪ፤ አዲስ ሌንስም ላይ አለ፣ ፎቶ ላይ አይወጣም። ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል የሚያድግ፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ቀጭን ነጭ ክር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው። መልሺና አመስግነሽ ውጪ። ሻጋታ መስታወቱ ላይ ያለውን ሽፋን ይበላል፤ ቢጠረግም ጠባሳው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። መስታወቱ በሙሉ የወተት ጉም የለበሰ ከመሰለም ተይው፤ ፎቶው ሁሉ ይፈዛል፣ በተለይ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ። ጭረት ካለ የፊቱ መስታወት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ብዙም አይጎዳም። የኋላው ላይ ያለው ይጎዳል።

ከዚያ ዊንቶቹን እዪ። በማውንቱ ዙሪያ ያሉት ዊንቶች ጭንቅላታቸው ከተፋቀ ሌንሱ ተከፍቷል። መከፈቱ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ እኔም የምበላው በዚሁ ነው። ግን ለምን እንደተከፈተ ሻጩ ይንገርሽ። ቀጥሎ ግጠሚውና መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ለፊት ቁመሽ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ አንሺ። ካሜራው ላይ አሳድገሽ አራቱንም ማዕዘን አነጻጽሪ። አራቱም እኩል ለስለስ ቢሉ ጤነኛ ነው። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል ወይም ውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ቦዲውን ለመፈተሽ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጊና ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ፎከስ ሳታደርጊ አንሺ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ ይጠረጋል፣ ዋጋ መቀነሻ አድርጊው። በጣትሽ የምትነኪው ሁሉ፣ ቁልፉም መዞሪያውም፣ አንድ በአንድ ይሞከር። የባትሪውን ክዳን ከፍተሽ ባትሪው አብጦ እንደሆነ እዪ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቂ። የጀማሪ ዲኤስኤልአር ሹተር ብዙ ጊዜ ለ100,000 ያህል ፎቶ ይገመታል፤ ያ ማለት በ100,001ኛው ይሞታል ማለት አይደለም። 20,000 ያነሳ ካሜራ ገና ነው። 90,000 ያነሳው ዋጋው ላይ ይታሰብ።

ገዝተሽ ቤት ስታስገቢው በቆዳ ቦርሳ ዘግተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቅበሪው። ሻጋታ የሚወደው እርጥበት፣ ጨለማና የታፈነ አየር ነው። ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከሚመጡት እርጥበት መጣጮች ጥቂት ጨምረሽ አስቀምጪው። ሌንስ ላይ «ይጠብቅልሻል» እያሉ የሚሸጡልሽን ርካሽ ዩቪ ፊልተር እኔ አልወደውም፤ አምፖል ፊት ለፊት ሲመጣ ድርብ ነጸብራቅ ያስገባል። የሌንስ ኮፍያው ከመጋጨትም ይጠብቅሻል፣ ብርሃንም ይከልልሻል። ሁለተኛ ባትሪ ግን ግዢ፤ ሚረርለስ ከያዝሽማ ግዴታ ነው።

ወፎቹን እስከ መጨረሻ ያቆየሁት ኪስ የሚያራቁተው እሱ ስለሆነ ነው። ወፍ ትንሽ ናት፣ ትርቃለች፣ አትቆምም። ደህና የወፍ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ይይዛሉ፤ አንዳንዱ ሌንስ ዋጋው ካሜራውን ደጋግሞ ይገዛል። ስለዚህ አሁን በሱ ምክንያት ምርጫሽን አታጣምሚ። የፕራይሙን ገንዘብ ለረጅም ዙም ብታውዪው፣ ወፎቹም ልጆቹም ሳይሆኑልሽ ይቀራሉ። ረጅም ርካሽ ዙም ማታ ቤት ውስጥ ከኪቱም ይብሳል።

ሆኖም ግቢሽ የሚመጡ ወፎች መሆናቸው ዕድል ነው። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ስታገኚ 55-250 ወይም 70-300 ሚሊ ሜትር ያዢ። 300 ኤፒኤስ-ሲ ላይ 450 ያህል ያቀርባል። ከዚያ ሌንሱን ከማርዘም ራስሽ ቅረቢ። ወፎቹ የሚያርፉበትን ቅርንጫፍ ለይተሽ፣ በመስኮት ወይም በበር ጥግ ተከልለሽ ጠብቂ። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባሽ ስትሆን አንሺ። ላረፈችው ወፍ 1/500 ይበቃል፤ ለምትበረዋ 1/1000 እና ከዚያ በላይ አድርጊ። በአዳፕተር መሰል መስታወት ሌንሱን «እጥፍ ያረዝማል» የሚሉሽን ቴሌኮንቨርተር ርካሽ ዙም ላይ አትሞክሪ። እጥፍ የሚያረዝመው ብርሃኑን ወደ ሩብ ያወርደዋል፣ ጥራቱንም ይበላል፤ ፎከሱም ብዙ ጊዜ አልይዝ ይላል። እስከዚያው ባለሽ ኪት ሌንስ ወፏን ከነዛፏ፣ ከነግቢው አንሺያት። ሰው ሁሉ ጭንቅላቷን ብቻ ቆርጦ ስለሚያነሳ፣ ቦታዋን የሚያሳይ የወፍ ፎቶ ብዙ አይገኝም።